ስለ ሆላንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ምን ያህል ማወቅ ይገባናል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሆላንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ ነው። ማን ማንን አገባ፣ ማን ምን ለበሰ የሚለውን ሌላም ቦታ ታገኙታላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ የሰው ጓዳ ለማየት ያለን ጉጉት እስከ ምን ድረስ ተገቢ ነው የሚለው ነው። ሆላንዶች ይህን ጥያቄ ለይሉኝታ ብቻ አልተዉትም፤ ደንብ አውጥተውለታል። ደንቡ ጥሩ የሚሠራበት ቦታ አለ፣ የሚፈርስበትም ቦታ አለ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአባቶቻችን አባባል በሆላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ላይ ሰፍሯል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከዚያ በሚቀጥለው ሐረግ ላይ ነው፦ ንጉሡ ስለማይጠየቁ የሚጠየቁት ሚኒስትሮቹ ናቸው። ይህ በተግባር ብዙ ነገር ይቀይራል። ስለ ንጉሡ መጠየቅ የፈለገ ጋዜጠኛ የሚደውለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ሥር ላለው የመንግሥት ማስታወቂያ አገልግሎት ነው፤ በደች ምህጻሩ ኤር ፌ ዴ ይሉታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በየሳምንቱ ከንጉሡ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፣ የተባለው ግን ከክፍሉ አይወጣም። ንጉሡ ለዕረፍት የት እንደሄዱ እንኳ ነገሩ ከከረረ ፓርላማ ቀርቦ መልስ የሚሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ «የግል ጉዳያቸው ነው፣ ምን አገባን» የሚለው መልስ እዚያ አገር ሁልጊዜ አይሠራም።

ደንቡ የሚዲያ ኮድ ይባላል። የወጣው በ2005 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2004፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በሞናኮዋ ልዕልት ካሮሊን ጉዳይ ላይ ወስኖ ነበር፦ ታዋቂ ሰው መንገድ ላይ ስለታየ ብቻ የግል ሕይወቱ የሁሉም አይሆንም፤ ፎቶው ለሕዝብ ጉዳይ የሚጨምረው ነገር መኖር አለበት ብሎ። የሆላንዱ ኮድ ሐሳቡን ወደ ውል ለወጠው። ቤተሰቡ በሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ ካሜራ አይከተለውም። በምትኩ ቤተሰቡ ራሱ ቀጠሮ ይዞ ይወጣል፤ በበጋ አንድ ጊዜ፣ ለብዙ ዓመትም በክረምት ኦስትሪያ ውስጥ ሌሕ በምትባለው የበረዶ መንሸራተቻ መንደር ይወጣ ነበር። ፎቶ አንሺዎች ተጠርተው ይመጣሉ፣ ቤተሰቡ ለጥቂት ደቂቃ ይቆምላቸዋል፣ አጭር ጥያቄና መልስ ይኖራል፣ ከዚያ ካሜራው ይሸከፋል። ውሉን ያፈረሰ የዜና ድርጅት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላይጠራ ይችላል። ትልቁ ማስፈራሪያ ይኸው ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፍርድ ቤት ነው። በ2009 አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል ቤተሰቡ አርጀንቲና ለግል ዕረፍት በነበረበት ጊዜ የተነሡ ፎቶዎችን አሰራጨ፤ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት የዛሬው ንጉሥ ከሰሱ፤ የአምስተርዳም ፍርድ ቤትም ፈረደላቸው።

እኔ ይህን ውል እወደዋለሁ። ጉጉትን ነውር ነው አይልም፤ ልክ ነው የሚያበጅለት። ልጆቹም ትምህርት ቤት በብስክሌት እየተመላለሱ ማደግ የቻሉት በእሱ ነው። ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ኮዱ የተጻፈው የፕሬስ መታወቂያ ላንጠለጠለ ሰው ነው። ስልክ የያዘ መንገደኛ፣ ፎቶውን ገጹ ላይ የሚለጥፍ ምግብ ቤት፣ የውጭ አገር ድረ ገጽ፣ እነዚህ ምንም አልፈረሙም። በ2020 ኦገስት ንጉሡና ንግሥቲቱ ግሪክ ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት ባለቤት ጋር የኮሮናን ርቀት ሳይጠብቁ የተነሡት ፎቶ በኢንተርኔት ተሰራጨ። የግል ዕረፍት ነበር፤ ግን ሕዝቡ ያን ርቀት ጠብቅ እየተባለ ስለነበር ጉዳዩ የግል ሆኖ ሊቀር አልቻለም። ሁለቱም ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ ከፊል የእንቅስቃሴ እገዳ በታወጀበት ሳምንት፣ እንደገና ወደ ግሪክ በረሩ። ቁጣው ሲበረታ በማግስቱ ተመለሱ፤ ንጉሡም በቪዲዮ ቀርበው የሕዝቡን እምነት እንደጎዱ አምነው አዘኑ። ፓርላማ ፊት የቆመው ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሩተ ነበር።

ከዚህ የምወስደው መለኪያ አንድ ነው፤ ነገሩ ሥልጣኑን ይነካል ወይስ አይነካም? ጋብቻን ውሰዱ። ከማንም የበለጠ የግል ነገር ነው፤ ግን በሆላንድ ለዙፋን ተራ ያለው ሰው ያለ ፓርላማ ፈቃድ ካገባ ተራውን ያጣል። የአሁኑ ንጉሥ ወንድም ልዑል ፍሪሶ በ2004 ያገቡት መንግሥት ለፓርላማ የፈቃድ ጥያቄ አላቀርብም ካለ በኋላ ነው፤ ተራቸውንም አጡ። የዛሬዋ ንግሥት ማክሲማ በ2002 አልጋ ወራሹን ሲያገቡ ፈቃዱ ተገኝቷል፤ አባታቸው ግን በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ የግብርና ሚኒስትር ስለነበሩ በሠርጉ ላይ አልተገኙም። የሴት ልጅ ሠርግ ላይ አባት መቅረቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከባድ ነው፣ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በሌላ በኩል ንግሥቲቱ ልጆቻቸውን ማታ ስንት ሰዓት ያስተኙ ነበር የሚለው ለማንም ምንም አይጨምርም።

ዝምታም አደጋ አለው። በ1947 የተወለዱት የንግሥት ዩሊያና፣ የአሁኑ ንጉሥ አያት፣ የመጨረሻ ልጅ ዓይናቸው በጣም ደካማ ነበር፤ እናታቸው በእርግዝና ጊዜ የጀርመን ኩፍኝ ይዟቸው ስለነበር ነው። በቀጣዩ ዓመት ግሬት ሆፍማንስ የተባሉ በጸሎት እፈውሳለሁ የሚሉ ሴት ወደ ቤተ መንግሥቱ ገቡ። የልጅቷ ዓይን አልዳነም፤ ሴትየዋ ግን በንግሥቲቱ ላይ ያላቸው ተሰሚነት እየጨመረ ሄዶ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ትዳሩም ሊፈርስ ደረሰ። የሆላንድ ጋዜጦች ዝም አሉ። በ1956 ነገሩን ያወጣው የጀርመኑ መጽሔት ዴር ሽፒግል ነው። መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የኮሚቴው ሪፖርት ለሕዝብ የተከፈተው ግን በ2008 ነው። የእናት ጭንቀት የግል ነው፣ ማንም ሊነካው አይገባም። ያልተመረጠ ሰው በርዕሰ ብሔር ጆሮ ላይ መቀመጡ ግን የአገር ጉዳይ ነው፤ አገሬው ከጎረቤት መጽሔት መስማት አልነበረበትም።

አሁን ደስ ወደሚለው ክፍል ልሂድ፤ ማንም ሳይጎዳ ጉጉት የሚስተናገድበት ልማድ አለ። ልደት አንዱ ነው። ድሮ በንጉሣዊው ቤት ልጅ ሲወለድ ሕዝቡ ጾታውን የሚያውቀው መድፍ ቆጥሮ ነበር፤ 51 ከሆነ ልዕልት፣ 101 ከሆነ ልዑል። በ1938 የአሁኑ ንጉሥ እናት ቤያትሪክስ ሲወለዱ 51 ላይ ቆመ። በ1967 የአሁኑ ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር ሲወለዱ 101 ደረሰ። በ2003 የእሳቸው የበኩር ልጅ አማሊያ ስትወለድም 101 ተተኮሰ፤ ምክንያቱም ከ1983 ጀምሮ ሕገ መንግሥቱ ወንድ ሆነ ሴት የበኩር ልጅ ይወርሳል ይላል።

ከመድፉ ጋር የሚመጣ ምግብም አለ። ለእኛ አራስ ጥየቃ ገንፎ እንደሚቀርበው፣ ሆላንዶች ቤስኻውት ሜት ማውሼስ ያቀርባሉ። ቤስኻውት ክብ፣ ሁለቴ የተጋገረ፣ በጣም ደረቅ ብስኩት ነው። ማውሼስ በስኳር የተለበጠ የአኒስ ዘር ነው፤ ሽታው ወደ እንስላል ይጠጋል። ለሴት ልጅ ሮዝና ነጭ፣ ለወንድ ሰማያዊና ነጭ ነው። በንጉሣዊው ቤት ልጅ ሲወለድ ደግሞ ብርቱካንማው ለአጭር ጊዜ ሱቅ ይገባል። ሆላንድ የምትኖሩና ጎረቤት አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱ ሰዎች ቤታችሁ መሥራት ብትፈልጉ እንዲህ ነው። ቅቤውን ቀድማችሁ ከማቀዝቀዣ አውጡት፤ ከቀዘቀዘ ስትቀቡ ብስኩቱ ይሰነጠቃል። ብስኩቱን በአየር ይዛችሁ አትቀቡ፣ ሳህን ላይ ጠፍጣፋ አስቀምጡት። ቅቤው እስከ ዳር ድረስ ይድረስ፤ ዘሩን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ያልተቀባው ቦታ ላይ ያረፈው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ይንከባለላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ አድርጋችሁ ነስንሱና በማንኪያው ጀርባ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ቀድማችሁ ሠርታችሁ አታስቀምጡ፤ ብስኩቱ ቅቤውን መጥጦ ይለሰልሳል፣ ያን ጊዜ ጣዕሙ የለም። እንግዳ ሲቀመጥ ነው የሚሠራው።

ሌላው የንጉሥ ቀን ነው። የሚከበረው አፕሪል 27 ነው፤ እሑድ ላይ ከዋለ አንድ ቀን ቀድሞ በ26 ይከበራል፣ በ2025 እንደሆነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ አንድ ከተማ መርጦ በእግሩ እየሄደ ሕዝቡን ይጨብጣል። በ2009፣ ያኔ የንግሥት ቀን ሲባል በኤፕሪል 30፣ አፔልዶርን ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የቤተሰቡን አውቶቡስ ለመምታት መኪናውን በሕዝቡ መሐል ነዳ። 7 ሰዎች ሞቱ፣ ነጂውም ሞተ። ከዚያ በኋላም በዓሉን አልተዉትም፣ ከአጥር ጀርባም አልገቡም። እኔ ይህን ትልቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው።

ስለዚህ ቤተሰብ አንድ ወሬ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ከቀጠሮ ፎቶ የመጣ ነው ወይስ ከአጥር ላይ በሌንስ የተሰረቀ ብላችሁ ጠይቁ። «ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ የሆኑ ምንጮች» የሚል ዜና ስም ከሌለው አትቸኩሉ። ገንዘብን በተመለከተ ግን ምንጭ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ማክሰኞ በጀቱ ይወጣል፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ የንጉሡ ነው። አማሊያ 18 ዓመት ሲሞላት በዓመት 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ይገባት ነበር፤ ተማሪ እስከሆነች ድረስ እንደማትቀበል ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽፋ አሳውቃለች። ይህን ማወቅ መብታችን ነው።

የምትኖርበትን ግን ማወቅ መብታችን አይደለም። በ2022 አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከተማሪዎች ጋር ቤት ተጋርታ ለመኖር አስባ ነበር፤ በደረሰባት ዛቻ ምክንያት ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። እናቷ ልጃቸው ከቤት መውጣት እንደማትችል ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ዕንባ ተናንቋቸው ነበር። ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ማድሪድ ኖራ ተማረች፤ ይህም በይፋ የታወቀው በ2024 አፕሪል ነው። የስፔኑ ንጉሥ ሆላንድን ሲጎበኙ አባቷ በእራት ግብዣው ላይ አመሰገኗቸው። በቴሌግራምም ሆነ በቲክቶክ «አማሊያ አሁን እዚህ ሰፈር ታየች» የሚል ነገር ከደረሳችሁ አታስተላልፉት፤ አጥፉት።

ለዛሬ ይኸው ነው። ሰላም ቆዩልኝ።