ያልተበደራችሁት ዕዳ ስማችሁ ላይ ሲገኝ

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው አሜሪካ ለምትኖሩ ነው።

መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ "ያልከፈላችሁት ዕዳ አለ" ተባላችሁ እንበል። ዕዳው የክሬዲት ካርድ ነው። ካርዱን ግን አይታችሁት አታውቁም። ሌባ ሊሆን ይችላል። ሞክሼያችሁም ሊሆን ይችላል።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት አበበ ተስፋዬ፣ አንድ ፋይል]

እኛ ጋ "ላስት ኔም" የሚሆነው የአባት ስም ነው። ስንት አበበ ተስፋዬ አለ! በስደት ከመጣው ሰው ደግሞ ብዙው ወረቀቱ ላይ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። ስምና ልደት ከገጠመ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩም ከተቀራረበ፣ ኮምፒውተሩ የሁለት ሰው የክሬዲት ፋይል፣ ማለትም የብድርና የአከፋፈል ታሪክ፣ ሊያዋህድ ይችላል።

ፋይሉን የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን። ሁሉም የየራሱን ስለሚይዝ ሦስቱንም እዩ። አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። የራሳችሁን ስላያችሁ የክሬዲት ስኮራችሁ (ነጥባችሁ) አይወርድም። ይወርዳል ብሎ ፈርቶ የማያየው ሰው ብዙ ነው።

ሰው ሪፖርቱን ሲከፍት ቶሎ ዕዳው ጋ ይሮጣል። እኔ ግን ከስምና ከአድራሻው ጀምሩ እላለሁ። ኖራችሁበት የማታውቁት ከተማ ተጽፎ ካገኛችሁ፣ የሌላ ሰው ፋይል ሳይገባባችሁ አልቀረም።

ስህተቱን ስታገኙ ፋይሉን ለያዘው ድርጅት "ዲስፒዩት" ታደርጋላችሁ፤ ማለትም ስህተት ነው፣ ይስተካከል ትላላችሁ። ኦንላይን ይቻላል። ፋይሉ ለተደባለቀበት ሰው ግን ደብዳቤ ይሻላል፤ በሰርቲፋይድ ሜል፣ መድረሱን ከሚያሳይ ደረሰኝ ጋር። የመታወቂያ ኮፒ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ ስህተቱ የተከበበበት ገጽ አብራችሁ አድርጉ። ኦርጅናል እንዳትልኩ። ዕዳውን ላስመዘገበው ባንክም እንዲሁ ጻፉ።

ድርጅቶቹ ለማጣራት አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን አላቸው፤ አንዳንዴ 45 ይደርሳል። ውጤቱን በጽሑፍ ይነግሯችኋል። "ትክክል ነው" ካሉ አዲስ ማስረጃ ጨምራችሁ ድገሙት። በቅጡ ሳያጣሩ እንቢ ካሉ፣ የ1970ው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ መክሰስ ይፈቅዳል። ካሸነፋችሁ የጠበቃውን ወጪ የሚሸፍነው ድርጅቱ ነው።

"ብቻ ክፈሉን፣ ክሬዲታችሁን እናጸዳዋለን" የሚሏችሁስ? ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የምር አዘግይታችሁ የከፈላችሁት ደግሞ 7 ዓመት ይቆያል፤ እነሱም አያስፍቁትም።

[ስክሪን ላይ፦ የሶሻል ካርድ]

ከዚህ በኋላ አካውንት ስትከፍቱ ስማችሁን ልክ ሶሻል ካርዳችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። የአያት ስም ካለበት ከነአያቱ። ሞክሼያችሁ በአባት ቢገጥማችሁ እንኳ በአያት መለየቱ አይቀርም።