አዛዥም ወታደርም

ሰላም ወዳጆቼ፣ ዛሬም ከጅማ ነኝ። ያለፈውን ክፍል ከቀዳሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ ሊወጣ ስላልቻለ፣ ያቀድኩትን ርእስ ትቼ ስለ እሱ እናገራለሁ።

ከሌሊቱ 10፡30 የሚነፋውን የስልኬን ጥሩንባ ታውቁታላችሁ። እንደተነሡ አልጋ ማንጠፍ፣ ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት መሮጥ፣ የቀኑን ሥራ በደቂቃ ከፋፍሎ መጻፍ፤ ይህ የውትድርና ሥርዓት ሕይወቴን እንዳቃናልኝ አሁንም በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ጥያቄው በተጠየቅኩበት ዕለት ካፊያ እየጣለ ዳገቱን ጨርሼ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ቆሜ ሰዓቴን ስመለከት፣ ጎረቤታችን ሻለቃ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደረሱ። እንደምታውቁት እሳቸው ቃል አያበዙም። «ልጄ፣ ማን ነው ያዘዘሽ?» አሉኝ። «ራሴ ነኝ» አልኳቸው፤ ኮርቼ ነበር። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «አዛዧም አንቺ፣ ወታደሯም አንቺ ከሆንሽ፣ እረፍት የሚሰጥሽ ማን ነው?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በድምፃቸው ውስጥ ነቀፋ አልነበረም። የመጀመሪያውን ሲጠይቁ ፈገግ ብለው ነበር፤ ሁለተኛውን ሲጠይቁ ግን አላዩኝም፤ ዓይናቸው ቁልቁል ወደ ከተማው ነበር። ከወጣትነት ዘመናቸው አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ይሆን? ተከትዬ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ ነገር ግን የመመለሻ ሰዓቴ ደርሶ ነበር።

እኛ ከጦር ሠራዊት የምንቀዳው ማልዶ መነሣቱን ብቻ ይመስለኛል። በካምፕ ውስጥ ግን የመኝታም ሰዓት አለ፤ ምግብ የሚያበስል፣ ቁስል የሚያክም፣ ሌሊት ዘብ ቆሞ ሌላውን የሚያስተኛ ባልደረባ አለ። የአሜሪካ ምድር ጦር እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጤናና የአካል ብቃት መመሪያ እንቅልፍን ከአካል ልምምድና ከአመጋገብ ጎን አስቀምጦታል። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማሸነፉን ስናወሳ ጽናቱን እናደንቃለን፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ከጎኑ እንደነበር ግን እምብዛም አናነሣም። ያ ሰው ብቻውን አልሮጠም። ስለ አበበ ከጀመርኩ ደግሞ ማቆሚያ የለኝም፤ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ይህን ስል ሥርዓቱን ልተወው ማለቴ አይደለም፤ የጅማ የክረምት ዝናብ ጣራውን ሲደበድበው ከአልጋ የሚያስነሣኝ ሌላ ምን አለ? ደግሞስ ሻለቃ ራሳቸው ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው ነው፤ በዚያ ካፊያ፣ በዚያ ሰዓት፣ ዳገቱ ላይ ምን ያደርጉ ነበር? እሳቸውንስ ያሰናበታቸው ማን ነው? እሁድን የእረፍት ቀን ብዬ መርሐ ግብሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሆኖም እረፍቱንም ያዘዝኩት እኔው ስለሆንኩ፣ ይህ መልስ ይሁን ወይም ሌላ ትእዛዝ፣ እኔ እንጃ፤ ምናልባት እሳቸውን ራሳቸውን...