የሚሠራ የሚመስል ማሽን፦ የባዮሜዲካል ኢንጂነር ሥራ ምንድን ነው?

[ምስል፦ የሆስፒታል ኮሪደር። ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፤ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።]

ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ሲባል ብዙ ተማሪ ቶሎ የሚታየው ሮቦት ነው። ሰው ሠራሽ ልብ፣ በሐሳብ የሚንቀሳቀስ እጅ። አለ፣ ውሸት አይደለም። ሆስፒታል ሥራ የጀመረ ልጅ ግን ቀድሞ የሚገናኘው ከዚህ፣ ከኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ጋር ነው፤ መተንፈስ ለከበደው ሕመምተኛ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን።

ይህ ማሽን ኦክስጅን አይፈጥርም። የክፍሉን አየር ስቦ፣ ጨምቆ፣ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ያስቀራል። ማሽኑ ደህና ከሆነ ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይወጣል።

ጠላቱ እርጥበት ነው። ዚዮላይት ውሃ ከጠጣ ናይትሮጅን መያዝ ይተዋል። ማሽኑ ግን ያኔም ድምፁን ያሰማል፣ አየርም ይነፋል። የሚነፋው ቀስ በቀስ ተራ አየር እየሆነ ይሄዳል። ይህ በጆሮ አይታወቅም፣ በመለኪያ እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ82 በመቶ በታች አይፈቅድም። «አይሠራም» የተባለው እንኳ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው የሚሠራ የሚመስለው ነው።

[ምስል፦ ጣት ላይ የተሰካ ፐልስ ኦክሲሜትር]

ይሄን ታውቁታላችሁ። በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን የደምን ኦክስጅን ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ግን አንድ ጉድ አሳየ። መሣሪያው «ደህና ነው» እያለ ኦክስጅናቸው የወረደ ሕሙማን መጠን በጥቁሮች ላይ ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ይውጣል። ለኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ይህን የሚያርም ሴንሰር መሥራት ዛሬ ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው።

[ምስል፦ ጎማ ያለው ትንሽ ኤምአርአይ፣ አልጋ አጠገብ]

ኤምአርአይ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ምስል የሚያነሳ ማሽን ነው። የተለመደው 1.5 ወይም 3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ማግኔት አለው። የራሱን ክፍል ይፈልጋል፣ አብዛኛው በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል። በዚያው በ2020 አሜሪካ ፈቃድ የሰጠችው የሃይፐርፋይን ኩባንያ ማሽን ግን 0.064 ቴስላ ብቻ ነው። እየተገፋ አልጋው ድረስ ይመጣል፣ ተራ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የአንጎል ምስል ያነሳል። ማግኔቱ ደካማ ስለሆነ ምስሉ ብዥ ይላል። የሚያጠራው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያለበት ሶፍትዌር ነው።

አዲሱ ሥራ እዚህ ጋ ነው። ሶፍትዌሩ ምስሉን ሲያሳምር ትንሽ የደም መፍሰስ አብሮ አጥፍቶ ቢሆንስ? ያልነበረ ነገር ጨምሮስ ቢሆን? ይህን የሚፈትን ሰው ኤሌክትሮኒክስ ብቻ አይበቃውም። ስታቲስቲክስ ያስፈልገዋል፣ አናቶሚም እንዲሁ። ከኮድ የሚሸሽ ተማሪ ይቸገራል፣ ልደብቃችሁ አልችልም።

ሥራው የት ነው? ሆስፒታል አለ። እንደኔ እንደኔ ግን ጀማሪ ፈጥኖ የሚማረው አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ተከላው፣ ሥልጠናው፣ የመለዋወጫው ጣጣ ሁሉ እዚያ አለ። ሰነድ ማንበብ የማይሰለቸው (ካለ!) ደግሞ የሕክምና መሣሪያ የሚመዘግበውን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ያስብ።

አሜሪካ ላላችሁ፣ የሆስፒታል መሣሪያ ቴክኒሽያን ለመሆን የአራት ዓመት ዲግሪ ግድ አይደለም። ብዙዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሁለት ዓመት ዲግሪ ይገባሉ። ሲ-ቤት (CBET) የሚባለው የመሣሪያ ቴክኒሽያኖች የሙያ ማረጋገጫ ግን ከፈተናው ሌላ የሥራ ልምድም ይጠይቃል።