ጡንቻ አያበርርም፦ ስለ ትንሽ አውሮፕላን መሪ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የበረራ ተማሪዎች፣ ቤታችሁ በሲሙሌተር የምትለማመዱ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ልደታ እዚሁ ቅርባችን ነው። ቦሌ ሳይሠራ አውሮፕላን ያርፍ የነበረው እዚያ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም፤ እኔ የመጣሁት ስለ ትሪም፣ ማለትም መሪውን በጉልበት ሳትይዙ አፍንጫውን ባለበት ስለሚያቆየው ማስተካከያ፣ ልናገር ነው።

ትንሹን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሴስና 172ን እንውሰድ። መሪውን ከክንፉና ከጅራቱ ጋር የሚያገናኘው በፑሊ ላይ የሚሄድ የብረት ካቦ ነው፤ የታክሲ ፍሪሲዮን ላይ እንደምታውቁት ዓይነት። ሃይድሮሊክ የለውም። ስለዚህ በአየር ላይ እጃችሁ ላይ የሚመጣው ክብደት በአብዛኛው የነፋሱ ግፊት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኤሌቬተሩን፣ ማለትም አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል፣ በዚያው ልክ ለማንቀሳቀስ አራት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። በ110 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ መሪው ይጠጥራል፣ ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃል። በ50 ኖት ይላላል፤ ብዙ ትስባላችሁ፣ አፍንጫው ግን ዘግይቶ ይታዘዛል። ይህ መላላት ስቶል፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ሁኔታ፣ መቃረቡን ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምትለማመዱበት ጆይስቲክ ግን ሞላ አለው። ስትለቁት ሁልጊዜ መሃል ይመለሳል፤ በ50 ኖትም በ110ም ክብደቱ ያው ነው። እውነተኛው ሴስና መሬት ላይ ሲቆም ኤሌቬተሩ በክብደቱ ይወርድና መሪው ወደ ፊት ይገባል። በአየር ላይ ደግሞ መሪው የሚያርፍበትን የሚወስኑት ትሪሙና ፍጥነቱ ናቸው። መሃል የሚባል ቋሚ ቦታ የለም!

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» እያሉ የሚያስተምሩ አሉ። ይህ ስህተት ነው! የተጨበጠ እጅ ምንም አይሰማውም። አብራሪውን ሬዲዮ ሲጠራው ወይም ካርታ ሲያይ ክንዱ ይላላል፣ ከፍታውም ይበላሻል። አፍንጫውን በመሪው የምትፈልጉበት ላይ አቁሙ፣ ኃይሉን አስተካክሉ፣ ፍጥነቱ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ እየገፋችሁ ከሆነ የትሪም መዘውሩን ወደ ላይ፣ እየሳባችሁ ከሆነ ወደ ታች አዙሩ። ጣታችሁን ስታላሉ አፍንጫው ካልተንቀሳቀሰ ጨርሳችኋል። ፍጥነቱ ሳይረጋ መዘውሩን የሚያዞር ግን ሲያሳድደው ይውላል።

የሚገድለው ስህተት ማረፍ ሲሰረዝ ይመጣል። ፍላፕ፣ ማለትም በዝግታ ለማረፍ የሚረዳው የክንፉ የኋላ ክፍል፣ ወርዷል፤ ትሪሙ ለ65 ኖት አፍንጫ ወደ ላይ ተደርጓል። ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ አፍንጫው በኃይል ይነሳል፤ መሪውም ያልጠበቃችሁትን ያህል ይከብዳል። እዚህ ላይ ማቅማማት የለም! አጥብቃችሁ ግፉ፣ በቀኝ ፔዳል አቅኑት፣ ፍላፑን በደረጃ ሰብስቡ፣ ወዲያው ትሪም አድርጉ። የማይገፋ ሰው መሬት አጠገብ ስቶል ይገባል፤ ለመዳን የሚበቃ ከፍታም የለውም።

ስለ ከተማችን ደግሞ፦ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መሣሪያው 65 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 75 ይጠጋል። መሬቱ ሲሮጥ ዓይን ይሸወዳል፤ ፈጠንኩ ብላችሁ አትሳቡ። የመሪው ክብደት የሚከተለው በመሣሪያው ላይ ያለውን ፍጥነት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም እዚህ ከኃይሉ ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ቆማችሁ፣ በሙሉ ጋዝ፣ አርፒኤሙ፣ ማለትም የሞተሩ ዙር በደቂቃ፣ ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ቀዩን የሚክስቸር ቁልፍ፣ ማለትም ነዳጁን የሚቀንሰውን፣ ቀስ እያላችሁ ሳቡ።

ስለ ፔዳሉ ብዙ አልተናገርኩም። ለመነሳት ስትንደረደሩ ተረከዛችሁ ወለል ላይ ይሁን፤ ፍሬኑ ከፔዳሉ አናት ላይ ነውና።

አመሰግናለሁ።