ራስ አበበ አረጋይ ለምን ተገደሉ?
(በደብረ ብርሃን በአርበኞች ቀን የተደረገ ንግግር)

ክቡራን አባት አርበኞች፣ እናቶቼ፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከመንዝ፣ ከጅሩ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንኳን ለሚያዝያ 27 በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሸዋ አርበኞች ተጋድሎ እንድናገር ጋብዘውኛል። አመሰግናለሁ። ግን ብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ነገር አለ። ዛሬ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

በየዓመቱ በዚህ ቀን የራስ አበበ አረጋይን ስም እንጠራለን። ፎቷቸውን ይዘን እንሰለፋለን። ይፎከራል፣ ይሸለላል። ታሪኩን 1928 ላይ እንጀምርና 1933 ላይ እንዘጋዋለን። ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ፣ አርበኛው ተቀበላቸው፣ አለቀ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ወደ 20 ዓመት ኖረዋል። የጦር ሚኒስትር ሆነዋል። መጨረሻ ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነበሩ። እንዴት እንደሞቱ ግን በዚህ ሜዳ ላይ ሲነገር አንድም ቀን አልሰማሁም።

ለምን እንደማይነገር እናውቃለን። ገዳዮቹም የኛው ናቸው። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የሸዋው የሞጃ ቤተሰብ ዘር ናቸው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ለሁለቱም ወገን ዘመድ የሆናችሁ አላችሁ። ስለዚህ ዝም እንባባላለን። እኔ ዝምታው በቅቶኛል።

አባቴ በአርበኝነቱ ዘመን ገና ልጅ ነበር። የራስ አበበን ጦር ተከትሎ ስንቅ ይሸከማል፣ በቅሎ ይጠብቃል። ጠመንጃ አልያዘም፤ ግን አርበኛ ነኝ ይል ነበር፤ አርበኛም ነበር። ከጓደኞቹ መካከል አመፀኛ ዋሻ የቀሩ አሉ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 1931 ነው። የራስ አበበ ጦር ቤተሰብ፣ ቁስለኛው፣ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ እዚያው ዘረት ላይ ባለው ዋሻ ውስጥ ተጠግቶ ነበር። ጣሊያን ከበበው። የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት። እጁን ሰጥቶ የወጣውን ወንድ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ አሰልፎ በመትረየስ ጨረሰው። እኔ ዋሻው ውስጥ ገብቻለሁ። ባትሪ አብርታችሁ ስትገቡ እግራችሁን የት እንደምታሳርፉ ግራ ይገባችኋል። መሬቱ ላይ የሰው አጥንት አለ። ከኔ ጋር የገቡት ልጆች ጫማቸውን አወለቁ። አውልቁ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ መከራ ጣሊያን ያወረደው አንድ ሰው ለመያዝ ነበር። አምስት ዓመት በአውሮፕላን፣ በባንዳ፣ በጋዝ፣ በድርድር ሞከረ። አልያዛቸውም።

በታኅሣሥ 1953 ወሬው አገራችን ሲደርስ አባቴ አውድማ ላይ ነበር። ገብስ እያበራየ ነው። ጎረቤት መጥቶ ነገረው። አባቴ በሬዎቹን አቁሞ ጭዱ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ደጋግማ ነግራናለች። «ጣሊያን ገደል ለገደል ፈልጎ ያጣውን ሰው፣ የኛ ልጆች ሳሎን አስቀምጠው ገደሉት?» አለ። ትንሽ ቆየና «ምን አድርጓቸው?» አለ። እስኪሞት ድረስ ይህን ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ፣ ለኔ፣ ለቄሱ። ምን አድርጓቸው? ማንም አልመለሰለትም።

እስቲ ዛሬ አብረን እንጠይቅ።

ጃንሆይ ብራዚል ናቸው። ታኅሣሥ 4 ማታ ሹማምንቱ አንድ በአንድ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠሩ። እቴጌ መነን በጠና ታመዋል ተብለው ነው የተጠሩት። በኛ አገር የታመመ ጠይቅ ተብሎ እምቢ የሚል ሰው አለ? ራስ አበበ ታማሚ ሊጠይቁ ሄዱ። እዚያው ተያዙ። ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተወልድ፣ ደጃዝማች ለጥይበሉ ገብሬ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ አባ ሐና ጅማ፣ ሌሎችም አብረዋቸው አሉ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን። ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆቻችሁ የሚማሩበት ግቢ ነው። ጦር ሠራዊቱ ለጃንሆይ ወግኖ በታንክ ሲመጣና ነገሩ እንደከሸፈ ሲታወቅ እስረኞቹ ላይ ተተኮሰ። 15 ሰው ሞተ። አንዳቸውም መሣሪያ አልያዙም።

ለምን? አንዱ መልስ ድንጋጤ ነው። ተከበቡ፣ ተስፋ ቆረጡ፣ ተኮሱ ይባላል። ይህን መልስ አልቀበለውም። የደነገጠ ሰው ይሮጣል። እነሱ መጀመሪያ ተኩሰው ነው የወጡት።

ሁለተኛው መልስ የገርማሜ ዓላማ ነው። ገርማሜን አላንቋሽሽም፤ ማንም እንዲያንቋሽሻቸው አልፈልግም። አሜሪካ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ወላይታ አስተዳዳሪ ሆነው መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ሲሰጡ ባለመሬቱ ጮኸባቸው። ከዚያ ተነስተው ጅጅጋ ተላኩ። እዚያም ትምህርት ቤት፣ የውኃ ጉድጓድ ማለት ጀመሩ። ይህ ሰው ልቡ የነደደው በከንቱ አይደለም። እናም፣ እኛ ብንወድቅም አሮጌው ሥርዓት ተመልሶ መቆም የለበትም፣ ምሰሶዎቹን እንንቀል ብለው ነው የሚሉ አሉ። ከሁሉ ይልቅ ሚዛን የሚደፋልኝ ይኼኛው ነው።

ግን እሱም ሙሉ አይደለም። ሙሉጌታ ቡሊን እዩዋቸው። የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩ፣ ወታደሩ የሚወዳቸው ሰው ናቸው። መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎቹ ራሳቸው ኤታ ማዦር ሹም አድርገናቸዋል ብለው በሬዲዮ አሳውጀዋል። በሦስተኛው ቀን እዚያው ሳሎን ውስጥ ገደሏቸው። ታዲያ እሳቸው የየትኛው አሮጌ ሥርዓት ምሰሶ ናቸው? በሬዲዮ የተሾመ ሰው በቀናት ውስጥ ሲገደል ዓላማ ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም። ቂም ገብቶበታል። ፍርሃት ገብቶበታል። በሕይወት ቢወጡ ይመሰክሩብናል የሚል ስሌትም ገብቶ ይሆናል።

አንዳንድ ወጣቶች ታዲያ «ራስ አበበስ ንጹሕ ነበሩ ወይ?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ1935 እስከ 1936 የትግራይ ገበሬ ሲያምፅ ጦር ይዘው የዘመቱት እሳቸው ናቸው። የእንግሊዝ አውሮፕላን መቀሌን የደበደበው ያኔ ነው። ትግራይ ውስጥ ስማቸው እዚህ እንደሚነሳው አይነሳም። አርበኛችን ስለሆኑ ይህን አልሸሽግም። የሚጠየቁበት ነገር ነበራቸው።

ይጠየቁ ነበራ! ማን ጠየቃቸው? ማን ከሰሳቸው? ማን ፈረደባቸው? ክሱ የት ተነበበ? ገርማሜ ስለ ወላይታ ገበሬ የሚናገሩት እውነት ነበራቸው። ራስ አበበ ስለ መቀሌ የሚመልሱት ነበራቸው። በዚያች አገር ሁለቱ ቆመው የሚነጋገሩበት አንድ ችሎት አልነበረም! ራስ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት የለም። የአውራጃ ገዥ ስለ ገበሬ የሚጮህበት ሸንጎ የለም። የቀረው መትረየስ ነበር። አባቴ ምን አድርጓቸው ብሎ ሲጠይቅ እኔ አሁን የምመልስለት ይህን ነው። ራስ አበበ የተገደሉት ስላደረጉት ነገር አይደለም። ስላደረጉትማ ማንም አልጠየቃቸውም። የተገደሉት ወንበራቸው ላይ ስለተገኙ ነው።

ያ በዚያ አላበቃም። መኮንን ሀብተወልድ የቡልጋ ቄስ ልጅ ናቸው። ወንድሞቻቸው አክሊሉና አካለወርቅ 14 ዓመት ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው 60 ሰዎች ጋር አለቁ። ሦስት ወንድማማች! አንዱም ዳኛ ፊት አልቆመም። ከቡልጋ የመጣችሁ፣ ይህን ለልጆቻችሁ ነግራችኋል?

ጄኔራል መንግሥቱስ? ቆስለው ተያዙ፣ ተፈረደባቸው፣ መጋቢት 1953 ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። ገርማሜ ሞጆ አጠገብ ሞቱ። ሬሳቸው ሳይቀር ተሰቅሎ ለሕዝብ ታየ። ሬሳ መስቀልም ፍርድ አይደለም።

ቅርቡንም ልንካው፤ መድረኩ ይፍቀድልኝ። በሚያዝያ 2015 እዚሁ ዞናችን፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚመጣው መንገድ ላይ፣ የክልሉ የብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ ከአብረዋቸው ከነበሩ ሰዎች ጋር ተገደሉ። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው የየራሱን ምክንያት ይዞ ነበር የሚያወራው። ደስ አለኝ ያለም ሰምቻለሁ። በዚህ ከተማ፣ በጆሮዬ። ፖለቲካውን ተውት። መንዝ መንገድ ላይ ሰው ሞቶ ደስ አለኝ ይባላል?

ስለ ኃይለማርያም ማሞና ስለ ሌሎቹ አርበኞች ያዘጋጀሁት ነበር፤ ሰዓቱ አልበቃም። አዘጋጆቹ ይቅር በሉኝ፤ ጽሑፉን እሰጣችኋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ሜዳ የራስ አበበ ታሪክ ሲነበብ እስከ 1953 ይነበብ። የ15ቱም ስም ይጠራ። ከነሱ በኋላ የመንግሥቱና የገርማሜም ስም ይጠራ፤ ዘመዶቻቸው ከኛ ጋር እዚሁ ይቀመጡ። በዞናችን ትምህርት ቤቶች ያላችሁ የታሪክ መምህራን፣ ከልጆቹ ጋር አረንጓዴው ሳሎንን አንሱት። ለምን ተገደሉ ብለው ይከራከሩ። አባት አርበኞች ፈቃዳችሁ ከሆነ ዝርዝሩን ጽፌ የማመጣው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሬ እሠራዋለሁ።