ገንዘቡ ማን ዘንድ ነው የተያዘው?
(ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ አዳማ)

የተከበራችሁ የነጋዴዎች ማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ!

የዘንድሮው መወያያችን ድህነትና ንግድ ነው። ይህ ርእስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ መዋጮ ይሄዳል፤ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ወደ ማከፋፈል። መዋጮው ይቀጥል። ዛሬ ግን የማነሳው የክፍያ ቀንን፣ ሚዛንንና ሽንኩርትን ነው።

ለአንድ ሆቴል በቀን 100 እንጀራ የምታቀርብ እናት አለች እንበል። አንዱን በ20 ብር ብናስበው የቀን ሽያጯ 2,000 ብር ነው። ሆቴሉ በ45 ቀን የሚከፍላት ከሆነ 90,000 ብሯ እሱ ዘንድ ተቀምጧል። ጤፍ ሻጩ ግን 45 ቀን አይጠብቃትም። ስለዚህ ወይ የዕቁቧን ብር ታነሳለች፣ ወይ ጤፉን በዱቤ አስወድዳ ትወስዳለች፣ ወይ አራጣ ውስጥ ትገባለች፤ ትርፏ እዚያው ያልቃል። ይህች ሴት ሥራም ደንበኛም አላጣችም። ለሆቴል ያለ ወለድ እያበደረች ነው የደኸየችው። ሆቴል ያላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ፤ አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፣ አዳራሽ የተከራየው መሥሪያ ቤትም ለእናንተ እንደሚያዘገይ አውቃለሁ። መዘግየቱ እየተንከባለለ መጨረሻ የሚያርፈው ግን አቅም በሌለው ላይ ነው።

ባንክ ለምን አይደርስላትም? የምታስይዘው ቤት የላትም። ገበሬውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱን መሸጥ አይችልም፤ ባንክም መሬቱን ሸጦ ዕዳውን ሊያስመልስ አይችልም። ሆኖም የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትን፣ ፓምፕን፣ ሰብልን፣ ገና ያልተሰበሰበ ክፍያን ጭምር ለማስያዝ ፈቅዷል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው፤ መጠኑና የክፍያው ቀን ተጽፎበት የተፈረመ የርክክብ ሰነድ። በቃል የተያዘ ዱቤ ለየትኛውም ባንክ አይታይም።

ሽንኩርቱ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከመቂ፣ ከቆቃና ከወንጂ ዙሪያ የሚገባልን ብዙው ሽንኩርት ሳይደርቅ የመጣ እርጥብ ነው። የማድረቁ አሠራር የታወቀ ነው፦ ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲተኛ ይነቀላል፤ ውኃው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይቆማል፤ የተነቀለው ፀሐይ እንዳይጠብሰው በራሱ ቅጠል ተሸፍኖ ወይም ጥላ ሥር ሆኖ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይደርቃል፤ አንገቱ ሲጠብ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተትቶለት ይቆረጣል። ይህን የሚያስተምር የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አጠገባችን አለ። ታዲያ ገበሬው እስከ ነቀላው ዋዜማ የሚያጠጣው ለምንድን ነው? በኪሎ ስለምንገዛው፣ ውኃውም ስለሚመዘን ነዋ! እኛ ደግሞ ጆንያ ውስጥ እንደሚበሰብስ ስለምናውቅ ዋጋውን ቀድመን እንሰብራለን። ያደረቀውም ያላደረቀውም እኩል ይመታል። የማዳበሪያና የናፍጣ ዕዳ ስላለበትም አያቆየውም፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያውን ያጥለቀልቀዋል።

እስቲ እናስላው። እርጥቡ በኪሎ 30 ብር ነው እንበል። 100 ኪሎው ደርቆ 90 ቢሆን፣ ደረቁን ከ33 ብር ከ33 ሳንቲም በታች ከገዛነው ገበሬው በማድረቁ ከሰረ ማለት ነው። አንድ ሁለት ብር ጨምሮ «ጥራት አበረታታን» ማለት አይሠራም። በእኛ በኩልስ? እርጥቡን ገዝተን 10 ኪሎ በድርቀት፣ 10 ኪሎ በብስባሽ ቢወጣበት፣ የተረፈው ኪሎ 37 ብር ከ50 ፈጅቶብናል። ደረቁን በ35 መግዛት ለሁለታችንም ያዋጣል።

ገበሬና ገዢ አስቀድመው የሚዋዋሉበት፣ በ2015 የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። ውሉ የሚፈርሰው ዋጋው አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሲጻፍ ነው፤ ገበያው ሲወጣ ገበሬው ይሸሻል፣ ሲወርድ እኛ ስልክ እንዘጋለን። ከዚያ በታች የማይወረድበት የወለል ዋጋ ይቀመጥ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ በተስማማንበት ድርሻ ይከፈል። ሚዛኑም ሻጩ ቁጥሩን በሚያይበት በኩል ይዙር።

ከሻይ በኋላ ሁለት ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል፦ ለአነስተኛ አቅራቢ በ15 ቀን መክፈልና የደረቀ ሽንኩርትን በተለየ ዋጋ መግዛት። የርክክቡ ቅጽ ናሙና መግቢያው ላይ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ የጎደለውን እየጻፋችሁበት መልሱልን።

ጉባኤው ተከፍቷል።