መነጽሩን ሲያደርግ የማያየው ሰው፦ ሌቫር በርተን

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የምትተውኑት ዓይነ ስውር ሆናችሁ ነው። ገጸ ባሕሪው ዓይኑ ላይ የሚያጠልቀው ብልጭልጭ መሣሪያ አለ፣ ያን ሲያደርግ ሁሉን ነገር ያያል። ችግሩ እናንተ ተዋናዩ ናችሁ። ያው መሣሪያ እናንተን ይጋርዳችኋል።

(ምስል፦ የጆርዲ ላ ፎርጅ ፊት፣ ዓይኑ በወርቃማ መሣሪያ ተሸፍኖ)

አሜሪካዊው ተዋናይ ሌቫር በርተን ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን በተባለው የጠፈር መርከብ ተከታታይ ድራማ ላይ፣ ጆርዲ ላ ፎርጅ የሚባለውን ሰው ሆኖ ሰባት ዓመት የሠራው እንዲህ ነው። ያ ነገር ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን እይታውን ይሸፍንበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከዕቃ ጋር ይጋጫል፣ ራሱን ያመዋል። ተዋናይ ደግሞ ግማሹ ሥራው በዓይን ነው! ዓይኑን የተቀማ ተዋናይ የቀረው ድምፁና አገጩ ነው። በነዚያ ሁለት ነገሮች ነው ሕዝብ የወደደውን ሰው የፈጠረው።

ከዚያ በፊት ግን ኩንታ ኪንቴ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ፣ እንዳንደናገር።)

ሌቫር የተወለደው በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ላንትሽቱል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የአሜሪካ ጦር ፎቶ አንሺ ነበር። ወላጆቹ ሲለያዩ እናቱ ልጆቹን ይዛ ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ ገባች። መምህርት ነበረች፣ በቤቷ ማንበብ ግዴታ ነው። ልጁ በ13 ዓመቱ የካቶሊክ ካህን ልሁን ብሎ ዘርአ ክህነት ገባ። አራት ዓመት ቆየና ሐሳቡን ቀየረ። መድረክ ሳበው። ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ሊማር ሄደ።

እዚያ ገና ተማሪ ሳለ፣ በ19 ዓመቱ፣ ከዚያ በፊት አንድም የሙያ ሥራ ሳይሠራ፣ በአሌክስ ሄይሊ መጽሐፍ ላይ የተመሠረተው ሩትስ የሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ዋናውን ቦታ አገኘ። ከጋምቢያ ተጠልፎ አሜሪካ ለባርነት የተሸጠውን ወጣት ኩንታ ኪንቴን። እናቱን ሆና የተጫወተችው ሲስሊ ታይሰን ናት፣ አያቱን ደግሞ ማያ አንጀሉ። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ይሰጠዋል? ኩንታ ሲጎለምስ ደግሞ ጆን ኤሞስ ተረከበው።

ድራማው በጥር 1977 ስምንት ሌሊት በተከታታይ ኤቢሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ታየ። በሳምንት አንዴ ማሳየት ሲቻል ለምን በየሌሊቱ? ጣቢያው ነጭ ተመልካች ይሸሸናል ብሎ ፈርቶ ነው፣ ቶሎ ይለቅልን ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ሆኖም የመጨረሻውን ክፍል ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አየው። ያኔ የአሜሪካ ሕዝብ 220 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ድራማው ኤሚ ለሚባሉት የቴሌቪዥን ሽልማቶች በ37 ዘርፍ ታጭቶ ዘጠኙን ወሰደ፣ ሌቫርም ከታጩት አንዱ ነበር። ያ የግርፋቱ ትዕይንት፣ ስምህ ቶቢ ነው በል እየተባለ ኩንታ ነኝ የሚልበት፣ ያየው ሰው አይረሳውም። እኔም አንዴ ነው ያየሁት፣ ሁለተኛ አልከፈትኩትም።

በ19 ዓመት እንዲህ ዓይነት ዝና መጥፎ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ምን ትሠራለህ? ብዙ ሰው እዚያው ይቀራል። እሱ ግን በጁላይ 1983 ፒቢኤስ በተባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ላይ ሪዲንግ ሬይንቦ የሚባል የልጆች ፕሮግራም ይዞ መጣ። ሐሳቡ ለየት ያለ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ንባባቸው ይዳከማል፣ ቴሌቪዥን ፊት ደግሞ ተጎልተው ይውላሉ። እንግዲያው እዚያው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብተን መጽሐፍ እናስወድዳቸው ነው ነገሩ። ሀ ሁ አያስቆጥርም። መጽሐፍ ይተረካል፣ ሌቫር መጽሐፉ የሚያወራውን ነገር ፍለጋ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ልጆች ራሳቸው መጽሐፍ ይገመግማሉ። አዲስ ክፍሎች እስከ 2006 ተሠሩ። በኋላ ገንዘብ ሰጪዎቹ ፊታቸውን ፊደል ወደሚያስቆጥሩ ፕሮግራሞች አዞሩና ድጋሚ ስርጭቱም በ2009 ቆመ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፊደል ቆጥሮ መጽሐፍ የማይነካ ስንት ሰው እንዳለ ስለማውቅ ውሳኔው አይገባኝም።

በ2014 ሌቫር ፕሮግራሙን በኢንተርኔት ልመልሰው ነው ብሎ ሰዎች ለሥራ ገንዘብ በሚያዋጡበት ኪክስታርተር በተባለ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ቀን ሳይሞላ ገባለት። በመጨረሻ ከ105,000 በላይ ሰዎች ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ያኔ ልጅ የነበሩት አድገው ደሞዝተኛ ሆነው ነበራ!

አሁን ወደ ስታር ትሬክ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ብዙ የማያወራለት ሥራው እዚያ ነው የጀመረው። ዳይሬክተርነት።

በፊልም ዳይሬክተሩ አለቃ ነው። በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ግን አለቃው ታሪኩን የሚጽፈው ፕሮዲውሰር ነው፤ ዳይሬክተሩ ለአንድ ክፍል የሚመጣ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ተዋንያኑ ተመርጠዋል፣ ቤቱ ተሠርቷል፣ መብራቱ ሳይቀር ልማድ አለው። አንድ ሳምንት አካባቢ ተዘጋጅቶ፣ ሌላ ሳምንት አካባቢ ቀርጾ፣ ለኤዲቲንግ ጥቂት ቀን አግኝቶ ይሄዳል። እዚያው የሚሠራ ተዋናይ ለዚህ ይመቻል፣ ቤቱን ያውቀዋልና። በድራማው ሪከር የሚባለውን የመርከቧን መኮንን የሚጫወተው ጆናታን ፍሬክስ በ1990 መንገዱን ከፈተ። ሌላ ዳይሬክተር ሲሠራ ከጎን ቆሞ ማየት፣ ኤዲቲንግ ክፍል መቀመጥ፣ መጠየቅ፣ ማሰልቸት። የሌቫር ተራ በ1993 ደረሰ።

የደረሰው ታሪክ ግን ለጀማሪ የሚሰጥ አልነበረም። ሪከር በአንድ አደጋ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ሁለቱ ሪከሮች ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ነው። አንድ ተዋናይ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ምስል! እንዲህ ያለው በተለመደው መንገድ ሲቀረጽ ካሜራው አይነቃነቅም። ተዋናዩ መጀመሪያ አንዱን ይጫወታል፣ ልብስ ይቀይራል፣ ሌላውን ይጫወታል፣ ከዚያ ሁለቱ ግማሽ ምስሎች ይጋጠማሉ። ትልቁ ጣጣ ዓይን ነው። ባዶ ቦታ እያየ ሲናገር ዓይኑ በትንሹ እንኳ ከሳተ ጨዋታው ፈረሰ። ይህን ዓይን የሚጠብቀው ደግሞ በዚያ ድራማ ሥራውን ዓይኑ ተሸፍኖ የሠራው ሰው ነው።

በዚሁ ክፍል ውስጥ አንዲት የመርከቧ ሠራተኛ ለአፍታ ብቅ ትላለች። ሜይ ጀሚሰን ናት፣ በመስከረም 1992 ኢንደቨር በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጠፈር የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት። ሌቫር የስታር ትሬክ ወዳጅ መሆኗን ሲሰማ ነው የጋበዛት። እውነተኛ የጠፈር ተጓዥ በስታር ትሬክ ስትታይ የመጀመሪያዋ ሆነች።

ከዚያ አልቆመም። ዲፕ ስፔስ ናይን፣ ቮየጀር፣ ኢንተርፕራይዝ የሚባሉት ሌሎቹ የስታር ትሬክ ድራማዎች ተከተሉ፤ ከስታር ትሬክ ብቻ ከ20 በላይ ክፍሎች ዳይሬክት አድርጓል። በ1998 የቮየጀርን መቶኛ ክፍል ሲሠራ ራሱም ካፒቴን ላ ፎርጅ ሆኖ ገብቶበታል። በ1999 ደግሞ ለዲዝኒ ቻናል ስማርት ሃውስን ሠራ፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ኮምፒውተር እናት ልሁን ብሎ ልጆቹን ቆልፎ የሚይዝበትን። ስልካችን ሳንጠራው ሲመልስልን ያ ፊልም ትዝ ይለኛል።

መነጽሩስ? በ1996ቱ የስታር ትሬክ ፊልም ቀረለት። ፊልሙን ዳይሬክት ያደረገው ያው ፍሬክስ ነው። ተመልካች የጆርዲን ዓይን በደንብ አየ።

በ2021 ከ250,000 በላይ ሰዎች ጀፐርዲ የተባለውን የጥያቄና መልስ ውድድር እሱ ይምራልን ብለው ፈረሙ። አንድ ሳምንት መራ፣ ቦታው ግን ለሌላ ተሰጠ። ቅር ብሎት ነበር፣ አልደበቀውም።

በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የሰዎችን የዘር ሐረግ በሚያጣራ የፒቢኤስ ፕሮግራም ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ አንድ ወረቀት ተዘረጋ። በእናቱ በኩል ከቅድመ አያቶቹ የአንዷ አባት ነጭ ነበር፣ ያውም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነት እንዳይቀር ይዋጋ በነበረው በደቡቡ ጦር ውስጥ ያገለገለ። ኩንታ ኪንቴን ለዓለም ያሳየው ሰው ይህን ሰማ። ማመን አቃተው። ውስጡ እንደተጋጨበት ተናገረ፣ ከዚያም ምናልባት ከነዚያ ሰዎች ልጆች ጋር ወሬ የምጀምርበት በር ይሆናል አለ።